ሲሶ እና አንድ ሦስተኛ፦ ሒሳብን በአገር በቀል ዕውቀት ስለማስተማር

ክፍልፋይ የሚማር ልጅ በትምህርት ቤት «አንድ ሦስተኛ» ሲባል ይሰማል። ማታ ቤቱ ሲገባ አያቱ «ሲሶውን ለዘር አኑሩት» ይላሉ። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው፤ የሚያገናኝለት ሰው ካላገኘ ግን ልጁ አንዱን የትምህርት ቤት፣ ሌላውን የቤት አድርጎ ለየብቻ ይዟቸው ያድጋል። ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩሌታ፣ አሥራት የአውድማ ቃላት ናቸው። ባለ መሬትና አራሽ ምርት ሲካፈሉባቸው፣ ገበሬ ግብር ሲገብርባቸው ኖረዋል። በዚህ ስሌት የተሳሳተ አራሽ ልጆቹን ይዞ ክረምቱን አይዘልቅም ነበር። እንዲህ በኑሮ የተፈተነ የክፍልፋይ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ልጅ ክፍልፋይን የሚማረው ብዙ ጊዜ በተቆረሰ ኬክ ሥዕል ነው። ኬኩን ቀምሶት የማያውቅ ልጅ ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ሒሳብ ልጁ ባደገበት ባህል በኩል ቢሰጥ የተሻለ ይገባዋልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በዓለም ዙሪያ ሃምሳ ዓመት ያህል አከራክሯል። ከተሟጋቾቹ አንዱ ወገን መድኃኒት ነው ይላል። ሌላው ወገን የድሃውን ልጅ ከእውነተኛው ሒሳብ ደጅ የሚያስቀር ወጥመድ አድርጎ ያየዋል። የሁለቱንም ማስረጃ ካየሁ በኋላ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። ባህል በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ለጌጥ ሲገባ የሚጨምረው ነገር የለም። ልጁ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ መልሱንም ራሱ እንዲያረጋግጥ ሲያደርገው ግን ከፍ ያለ ውጤት ያመጣል።

ከመንገድ ላይ እንጀምር። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን መንገድ ላይ የሚነግዱ 5 ልጆችን አጠኑ። የልጆቹ ዕድሜ ከ9 እስከ 15 ዓመት ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ታተመ። ተመራማሪዎቹ እንደ ገበያተኛ ቀርበው ዋጋ ሲጠይቋቸው ልጆቹ 98 በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። ተመሳሳዩ ስሌት በትምህርት ቤት ወግ እንደ ታሪክ ሲቀርብላቸው ውጤቱ ወደ 74 በመቶ ወረደ። ቁጥሩ ብቻውን ተጽፎ ሲሰጣቸው ደግሞ 37 በመቶ ላይ ቀረ። ከልጆቹ አንዱ፣ የ12 ዓመት ኮኮናት ሻጭ፣ አንዱ 35 ክሩዜሮ የሚሸጠውን ኮኮናት አራቱን ስንት እንደሚል ተጠየቀ። «ሦስቱ 105» ብሎ ጀመረና አንዱን ጨምሮ 140 አለ። ወረቀት ላይ 35 ሲባዛ በ4 ተብሎ ሲሰጠው ግን 200 ጻፈ። አራት ጊዜ አምስት ሃያ ብሎ 2ን ወደ ላይ ወሰደ፤ ከ3 ጋር ደመረው፤ 5 ሆነለት፤ 5ን በ4 አባዛ። የአሠራሩን ደንብ አጥንቶታል፤ የደንቡ ምክንያት ግን አልደረሰውም። ገበያ ላይ 200 ብሎ የሚጠይቅ ቢሆን ደንበኞቹ አብረውት አይቆዩም ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚቆጣው ደንበኛ አልነበረም።

የአዲስ አበባን የታክሲ ረዳት ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። የአምስት ተሳፋሪ ሒሳብ በአንድ እጁ እየተቀበለ፣ መልስ እየሰጠ፣ ወራጅ እያስወረደ አንድ ብር አይስትም። ያው ወጣት ስለ ትምህርቱ ሲጠየቅ «ሒሳብ አይገባኝም ነበር» ሊል ይችላል። ቢሆንም ይህን አይቶ ትምህርት ቤቱ ከንቱ ነው ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ኮኮናት ሻጩ ልጅ በመደመር የሚወጣው ለአራትና ለአሥር ፍሬ ነው፤ ለ437 ፍሬ መንገዱ እጅግ ይረዝምበታል። የማባዛት ደንብ የተፈለሰፈው እዚያ ላይ እንዲያግዘው ነበር። የጎደለው ከአንዱ ስሌት ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ ነው።

ይህን ድልድይ በስም ጠርተው ለዓለም ካቀረቡት ሰዎች ቀዳሚው ብራዚላዊው የሒሳብ ሊቅ ኡቢራታን ዲአምብሮሲዮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ በተካሄደው የሒሳብ ትምህርት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ «ኢትኖማቲማቲክስ» ያሉትን ሐሳብ በሰፊው አስረዱ። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የሚኖርበትን ዓለም ለማወቅና ለመግለጥ የራሱን የመቁጠር፣ የመለካት፣ የማመዛዘን ጥበብ ይፈጥራል ነው ነገሩ። እንግሊዛዊው አለን ቢሾፕ በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ በማናቸውም ሕዝብ ዘንድ የሚገኙ ስድስት የሒሳብ ሥራዎችን ዘርዝረዋል፤ መቁጠር፣ ቦታን ማመልከት፣ መለካት፣ መንደፍ፣ መጫወትና ማስረዳት። ከዚያ በፊት ክላውዲያ ዛስላቭስኪ በ1973 የአፍሪካን የአቆጣጠር ልማዶች የሰበሰበ መጽሐፍ አሳትመዋል። ጆን ጌይና ማይክል ኮል ደግሞ በላይቤሪያ የክፔሌ ሕዝብ ዘንድ ባደረጉት ጥናት፣ በ1967 ባወጡት መጽሐፍ፣ የክፔሌ ገበሬዎች በጎድጓዳ ዕቃ ያለ ሩዝ ስንት ስፍር እንደሚወጣው በመገመት ከአሜሪካውያን እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ቁና ሰፍራ ያደገች ኢትዮጵያዊት እናትም እዚህ ፈተና ላይ የምታፍር አይመስለኝም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው የጳውሎስ ጌርደስ ሥራ ነው። በኔዘርላንድ ተወልደው ሞዛምቢክን አገራቸው ያደረጉት ጌርደስ፣ አገሪቱ በ1975 ነጻ ከወጣች በኋላ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ኖረው በ2014 አረፉ። የሞዛምቢክ ገበሬ ቤት ሲሠራ መሠረቱን አራት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ እንዲሆንለት ፕሮትራክተር አያስፈልገውም። እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ገመዶች መሃል ለመሃል ያስራል፤ የአንዱን ጎን ሁለት ካስማ ተክሎ ገመዶቹን ወጥሮ ሲዘረጋቸው ሌሎቹ ሁለት ጫፎች የቀሩትን ማዕዘኖች ይነግሩታል። ጌርደስ መምህራኑን የጠየቁት «ይህ ለምን ይሠራል?» ብለው ነው። መልሱ የጂኦሜትሪ እርግጥ ነው፤ ሰያፍ መስመሮቻቸው እኩል ሆነው እርስ በርሳቸው መሃል ላይ የሚቆራረጡ ጎነ አራቶች ሁሉ ሬክታንግል ናቸው። ገበሬው እርግጡን በቃል ባይናገረውም ገመዱ ውስጥ አለ። ጌርደስ እንዲህ ያለውን በሥራ ውስጥ ረግቶ የተቀመጠ ሒሳብ ቀስቅሶ ማውጣት የመምህሩ ሥራ ነው ይሉ ነበር።

በአንጎላ የቾክዌ ሕዝብ ሽማግሌዎች ደግሞ ታሪክ ሲተርኩ አሸዋ ላይ ነጥቦችን በረድፍ ይደረድሩና ጣታቸውን ሳያነሡ በነጥቦቹ መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ይሥላሉ። ሥዕሉ ሶና ይባላል። ምንጣፍ የመሰለው የሶና ዓይነት አንድ አስደናቂ ጠባይ አለው። ነጥቦቹ በ5 ረድፍና በ6 ዓምድ ቢደረደሩ አንድ መስመር ሁሉንም ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል። በ4 እና በ6 ቢደረደሩ ግን አንዱ መስመር አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋሉ። በ6 እና በ9 ቢሆኑ ሦስት። የመስመሮቹ ቁጥር ምንጊዜም የሁለቱ ቁጥሮች ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን በአሸዋ ላይ ሥሎ ራሱ ሲደርስበት «ትልቁ የጋራ አካፋይ» የሚባለው ነገር ከዚያ በኋላ የሚረሳ አይሆንም።

እነዚህ ሁሉ ያማሩ ምሳሌዎች ናቸው። ምሳሌ ማማሩ ግን የልጆች ውጤት ተሻሻለ ማለት አይደለም። በዚህ በኩል ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከአላስካ ነው። በፌርባንክስ የሚገኘው የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ጄሪ ሊፕካ ከዩፒክ ሕዝብ ሽማግሌዎችና መምህራን ጋር ለብዙ ዓመታት አብረው በመሥራት የትምህርት ክፍሎች አዘጋጁ። አንዱ የዓሣ መስቀያ ስለ መሥራት ነው፤ ሌሎቹ የዱር ፍሬ ስለ መልቀምና የወፍ እንቁላል ወደሚገኝበት ደሴት ስለ መጓዝ። የዓሣ መስቀያው መሠረት ሬክታንግል መሆኑን ሽማግሌዎቹ ሰያፉን በገመድ እየለኩ ያረጋግጣሉ። ከሞዛምቢክ እስከ በረዶው አገር ገመዱ አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። ለሁለተኛ ክፍል የተዘጋጁት ክፍሎች ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በማነጻጸር ተፈተኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በሒሳብ ትምህርት ምርምር መጽሔት ላይ ታተመ። በአዲሱ መንገድ የተማሩት ልጆች በለጡ፤ የበለጡትም የአላስካ ተወላጅ የሆኑት ብቻ ሳይሆኑ ሌሎቹም ልጆች ናቸው። ይህን ውጤት እኔ እንደ ዋና ነገር ነው የማየው። ትምህርቱ ጥሩ ሒሳብ ከሆነ ባህሉ የእርሱ ያልሆነውም ልጅ ይጠቀማል።

እዚያው አላስካ፣ ካክቶቪክ በምትባል ትንሽ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በጣት የሚቆጠሩ ተማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። የኢኑፒያክ ቋንቋቸው የሚቆጥረው በሃያ ሃያ ነው፤ የተለመዱት ምልክቶች ደግሞ በአሥር። ስለዚህ የራሳቸውን ምልክት ፈለሰፉ። አሃዱን በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ጭረት፣ አምስቱን በሌላ አቅጣጫ በሚሄድ ጭረት አድርገው ከ0 እስከ 19 ጻፉ። በምልክቶቹ ማካፈል እጅግ ቀለለ፤ ጭረቶቹን በዓይን እያዩ ማካፈል ይቻላልና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትምህርት ቤቱ የሒሳብ ውጤት ከአገሪቱ አማካይ በጣም ዝቅ ካለበት ተነሥቶ ከአማካዩ በላይ ወጣ። ምልክቶቹ በ2022 ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የዩኒኮድ መለያ ውስጥ ገቡ። የመንደሯ ትምህርት ቤት በጣም ትንሽ በመሆኑ ውጤቱን ለሌላው ዓለም ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አይገባም። ሆኖም ልጆች የቁጥር ሥርዓትን ራሳቸው ሲሠሩት የቦታ ዋጋ ምን እንደሆነ ከሥሩ ይገባቸዋል።

ከካናዳ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። በሚግማቅ ሕዝብ ልጆች ትምህርት ቤቶች ከ2007 ጀምሮ ሊሳ ላኒ ቦርደንና ዴቪድ ዋግነር ባስጀመሩት ሥራ ተማሪዎች ወደ አያቶቻቸው ሄደው የሥራቸውን ሒሳብ ጠይቀው ይመጣሉ። ከዛፍ ልጥና ከጃርት እሾህ ሙዳይ የሚሠሩ አንዲት ሴት የክዳኑን ቀለበት ርዝመት እንዴት እንደሚያውቁ ተጠየቁ። የክቡን መሃል ሦስት ጊዜ ለክተው አንድ አውራ ጣት ይጨምራሉ። ሦስት ጊዜ እና ትንሽ ትርፍ፤ ትምህርት ቤት ፓይ የሚለው ቁጥር ማለት ነው። እዚህ ቆሞ «አያቶቻችን ፓይን ያውቁ ነበር» ብሎ የሚያጨበጭብ መምህር ትምህርቱን ገና ሳይጀምረው ጨርሶታል። ጥሩው መምህር ይቀጥላል፦ ሙዳዩ ቢተልቅ አንድ አውራ ጣት ይበቃልን? አውራ ጣት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ልኩ በትክክል የሚሆነው ክቡ መሃል ለመሃል 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። 28 ከሆነ ሁለት አውራ ጣት ያስፈልጋል። ልጁ አሁን ስለ ምጥጥን እያሰበ ነው፤ የሙዳይ ሠሪዋንም ጥበብ ከበፊቱ የበለጠ ያከብራል።

ወደ ተቃውሞው ልለፍ፤ ተቃውሞው ጠንካራ ነውና። ኤድዋርድ ዱሊትል የሞሃክ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ናቸው። እርሳቸው የታዘቡት፣ የአገሬው ተወላጅ ልጆችን ለማስደሰት ሲባል ድንኳናቸው ቲፒ የኮን ምሳሌ ሆኖ እንደሚሰጥ ነው። ቲፒ ግን ኮን አይደለም። ግንዶቹ ጫፍ ላይ ተሻግረው ይወጣሉ፤ ሸራው በግንዶቹ መካከል ይረግባል። ልጁ ቲፒን ከመምህሩ የበለጠ ያውቀዋል፤ ኮን ነው ሲባል ባህሉም ሒሳቡም አብረው እንደተዋረዱ ይሰማዋል። ይህ ትችት የእኛን ደጅም ያንኳኳል። ጎጆ ቤት ኮን ነው፣ እንጀራ ክብ ነው፣ መሶብ ሲሊንደር ነው ብሎ ሥዕል መለጠፍ ባህልን ማስተማር አይደለም። የጎጆውን ማገር ያሰረ ሰው ክዳኑ ለምን ያን ያህል እንደሚሾል ያውቃል፤ ዝናቡ ሣሩን ሳያበሰብስ እንዲወርድ ነው። ሒሳቡ ያለው እዚያ፣ በክዳኑ ማዘንበል ውስጥ ነው። ሥዕሉ ይህን አይናገርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ይበልጥም ያሳስበኛል። ኦሌ ስኮቭስሞዘና ሬኑካ ቪትሃል እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ የኢትኖማቲማቲክስ ሐሳብ የዋህ እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። የአፓርታይድ መንግሥት ሕዝብን የለያየው በባህል ስም ነበር። የባንቱ ትምህርት ሕግ በ1953 ሲወጣ ዋና አራማጁ ፈርቩርት፣ ለጥቁር ልጅ ሊሠራበት የማይችለውን ሒሳብ ማስተማር ምን ይጠቅማል ብሎ በምክር ቤት ተናግሯል። እንግዲህ «ለእያንዳንዱ እንደ ባህሉ» የሚለው ቃል በማን አፍ እንደሚነገር ማየት ይገባል። ስቱዋርት ሮውላንድስና ሮበርት ካርሰንም በ2002 ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ ልጁ በመንደሩ ሒሳብ ተከብቦ ቢቀር አልጀብራውን ማን ይሰጠዋል? እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው መለኪያ ይህ ነው። ትምህርቱ ከአውድማ ተነሥቶ ወደ እኩልዮሹ ካልደረሰ፣ የሀብታሙ ልጅ አልጀብራ ይዞ ሲሄድ የገበሬው ልጅ ተረት ይዞ ይቀራል። ያ ደግሞ በደል ነው።

ቋንቋውን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። በኒውዚላንድ የማኦሪ ትምህርት ቤቶች በ1980ዎቹ ሲስፋፉ የሒሳብ ቃላት ከመሠረቱ መሠራት ነበረባቸው። ቢል ባርተን በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በቀድሞው የማኦሪ ንግግር ቁጥሮች እንደ ግስ ይሠሩ ነበር፤ የሒሳብ ቋንቋው ሲዘጋጅ ግን እንደ እንግሊዝኛው ተደርገው ተለወጡ። ቋንቋውን ለማዳን የተሠራ ሥራ የቋንቋውን ሰዋስው ነካ። የእኛም አማርኛ ተመሳሳይ ወጥመዶች አሉት። መጽሐፉ «ስፋት» ሲል የአንድን ቦታ ጠቅላላ ገጽ ማለቱ ነው፤ ልጁ ግን በቤቱ «የበሩ ስፋት» ሲባል ወርዱን ነው የሚረዳው። ብዙ ተማሪ ስፋት አስላ ሲባል አንዱን ጎን ጽፎ የሚመለሰው ስለ ሰነፈ አይደለም። በሌላ በኩል «ተጋማሽ» የሚለው ቃል ትርጉሙን በላዩ ይዞ የሚዞር ድንቅ ቃል ነው፤ ለሁለት የሚጋመስ ቁጥር ማለት ነው፤ ማብራሪያ አያሻውም።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ደነገገ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ክልሎች ሒሳብን እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያስተምሩ ሌሎች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ለትምህርት ሚኒስቴር ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው ጥናት፣ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ይበልጡ እንደነበር አሳይቷል። ይህን እያወቁ እንግሊዝኛውን ማስቀደም ለልጁ ውለታ መዋል እንዳልሆነ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን ጎተራ። በውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባል ዘዴ በብዛት ይጠቀሳል። 13ን በ17 ለማባዛት 13ን እያጋመሱ፣ ትርፉን እየጣሉ፣ 6፣ 3፣ 1 ይላሉ፤ 17ን እጥፍ እያደረጉ 34፣ 68፣ 136 ይላሉ። በተጋማሹ 6 አንጻር ያለውን 34 ይሰርዛሉ፤ የቀሩት 17፣ 68 እና 136 ሲደመሩ 221 ይሆናሉ። በማጠፍ ማባዛት ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈው የግብጽ ፓፒረስ ላይም አለ፤ ይህኑ የእኛን መሰል ዘዴ በሩሲያ ገበሬ ስም የሚጠሩትም አሉ። ስለዚህ የእኔ ነው የእኔ ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና ልጆቹን «ተጋማሹ ለምን ይሰረዛል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ኮምፒውተር ቁጥርን በ0 እና በ1 የሚጽፍበት መንገድ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ሀብት የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ነው። የ2018 ዓ.ምን በዓላት እናስላ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው በ7 ሲገደፉ 3 ይቀራል፤ መስከረም 1 ሐሙስ ይውላል። 7518 በ19 ሲገደፍ 13፤ አንድ ተነሥቶ ወንበሩ 12። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (የቀኑ ጭማሪ) 7፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞዱላር አሪትሜቲክ በሚል ስም የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው፤ የቆሎ ተማሪ በቃሉ ይዞት አድጓል። ከዚያ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ለምን ምንጊዜም 30 ይሆናሉ? ወንበሩን ፊደል ሰጥቶ 11 እጥፉንና 19 እጥፉን የደመረ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በአንድ መስመር ያረጋግጠዋል። 11 ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ስለሚበልጥ። ዑደቶቹ ሁሉ አብረው የሚመለሱበት ዐቢይ ቀመር ለምን 532 ዓመት ሆነ? 19፣ 4 እና 7 የሚገናኙበት ትንሹ ቁጥር እርሱ ስለሆነ።

ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ደግሞ የሁሉም ልጅ አለ። ለዚህ ችግር ሰማዩ ራሱ መልስ አለው። በጨረቃ የሚመራው የሂጅራ አቆጣጠር በ30 ዓመት ውስጥ 11 ዓመቶችን ባለ 355 ቀን፣ የቀሩትን ባለ 354 ቀን ያደርጋል። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ የገለጹት የቦረና አቆጣጠር ደግሞ 27 የቀን ስሞች አሉት፤ ወሩ ግን 29 ወይም 30 ቀን ነው። ስለዚህ የወሩ መጀመሪያ ቀን ስም ከወር ወር በ2 ወይም በ3 ይንሸራተታል። የክርስቲያኑ፣ የሙስሊሙና የቦረናው ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የየቤታቸውን አቆጣጠር ቢያነጻጽሩ ሦስቱም አንዲቷን ጨረቃ፣ ሃያ ዘጠኝ ከግማሽ ቀን ያህል የምትፈጀውን፣ በሙሉ ቁጥር ለመያዝ እንደሚታገሉ ያያሉ። ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አላውቅም።

ሌላም አለ። የነጠላ ጥለት በአንድ አቅጣጫ የሚደጋገም ንድፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ንድፍ የሚኖረው የሲሜትሪ ዓይነት ሰባት ብቻ መሆኑ በሒሳብ ተረጋግጧል። ዶናልድ ክሮው በኮንጎ የኩባ ሕዝብ ጥልፍና ቅርጽ ላይ ሰባቱንም አግኝቷቸዋል። ተማሪዎች የእናቶቻቸውን ነጠላ አምጥተው ስንቱን እንደሚያገኙ ቢፈልጉ ሸማኔውም እንግዳ መምህር ሆኖ ሊጠራ ይችላል፤ ክሩን ቆጥሮ የሚያስገባው እርሱ ነው። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ወስፌዋን ይዛ ስትዞር እያንዳንዱ ዙር ካለፈው የሚረዝመው በአንድ ዓይነት መጠን ነው፤ የጥምጥሙን ውፍረት ስድስት ጊዜ ከትንሽ ትርፍ ጋር። ከዚያ ካሳነሰች ሰፌዱ እየጎደጎደ ይነሣና መሶብ ይሆናል። የዕቁብ ዕጣ በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰውና በመጨረሻው የደረሰው ሰው እኩል ብር ወሰዱን? 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ ሁለቱም 20,000 ይወስዳሉ፤ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ግን እኩል አይደሉም። ይህ የወለድ ትምህርት መግቢያ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚያድገው ልጅ ደግሞ እናቱ «ሁለት ሰዓት» ስትል ስልኩ 8 ይለዋል፤ ስድስት ጨምሮ አሥራ ሁለትን መግደፍ ከሰዋስው ይልቅ ቀድሞ የሚለምደው የአገሩ ሒሳብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ብዙ መጠበቅም አይገባም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰፌድና የነጠላ ሒሳብ አይፈታውም። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት ክፍል በባሕረ ሐሳብ አይድንም። አገር በቀል ዕውቀት የሚለው ቃል በትምህርት ሰነዶቻችን ውስጥ አሁን አሁን በብዛት ይነበባል፤ ቃሉ ወደ መምህሩ እጅ የሚደርሰው ግን የተዘጋጀ ትምህርት ሆኖ ሲመጣ ነው። የዩፒክ መምህራን ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ብዙ ዓመት ተቀምጠው፣ ጽፈው፣ ክፍል ውስጥ ፈትነው ነው የትምህርት ክፍሎቹን ያወጡት። የእኛ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለዕጩ መምህራን የመመረቂያ ሥራ ይህን ቢሰጡ፣ እያንዳንዱ ዕጩ ከአንድ ሸማኔ፣ ከአንድ መሪጌታ፣ ከአንዲት ሰፌድ ሰፊ፣ ከአንድ አናጢ ጋር ተቀምጦ የሥራውን ሒሳብ መዝግቦ፣ የድካማቸውን ከፍሎና ስማቸውን ጠቅሶ፣ በክፍል የሚሰጥ ትምህርት ቢያደርገው በጥቂት ዓመት ውስጥ በየቋንቋው የተሞላ ጎተራ ይኖረን ነበር። አዋቂዎቹ አርጅተዋል፤ ሥራው ቀን የሚሰጥ አይደለም።

ይህን የምታነቡ መምህራን ግን ኮሌጁንም ሚኒስቴሩንም መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የሚቀጥለውን የክፍልፋይ ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት ባለው ቀን ለልጆቹ አንድ የቤት ሥራ ስጧቸው፤ ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩሌታ በቤታቸው ቋንቋ ምን እንደሚባሉና አያቶቻቸው ምን ይካፈሉባቸው እንደነበር ጠይቀው ይምጡ። ያመጡትን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ትምህርቱንም ከዚያ ጀምሩ።